ለቤት ድመት የሚሆን ሣር በቤት ውስጥ ማብቀል

መግቢያ

ቀድሞ ድመት የግቢ እንስሳ ነበረች። አይጥ ታድናለች፣ በአጥር ሥር ትዘዋወራለች፣ ሲያሰኛትም ከግቢው ሣር ነጭታ ትበላለች። ዛሬ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ፎቅ ባላቸው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ውስጥ የምታድግ ድመት ይህ ዕድል የላትም። ሦስተኛ ወይም አራተኛ ፎቅ ላይ ተዘግታ ብትውልም ሣር የማኘክ ፍላጎቷ አይጠፋም። ስለዚህ በቤት ውስጥ ያገኘችውን ሁሉ ትሞክራለች፤ የአበባ ቅጠል፣ የመጥረጊያ ጭራሮ፣ ለበዓል የተጎዘጎዘ ቄጠማ፣ አንዳንዴም የፕላስቲክ ክር። ከእነዚህ መካከል ጉዳት የሚያደርሱ፣ ጥቂቶቹም የሚገድሉ አሉ።

ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው ድመት ያላቸው ቤተሰቦች በትንሽ ወጪና በትንሽ ቦታ ንጹሕ ሣር እንዴት እንደሚያበቅሉ ለማስረዳት ነው። የማብቀሉ ሥራ ቀላል ነው፤ ብቅል አብቅሎ የሚያውቅ ሰው የሥራውን ግማሽ ያውቀዋል። ከፍተኛ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው በዘሩ ምርጫ ላይ ነው። በቤት የሚበቅል ሣር ከሜዳው ሣር የሚሻለው ከምን ዘር እንደበቀለና ምን እንደነካው ስለምናውቅ ነው። ይህ ካልታወቀ ግን የድካሙ ጥቅም ይቀራል።

1. ድመት ሣር የምትበላው ለምንድን ነው?

ድመት ሥጋ በል እንስሳ ናት። ጥርሶቿ ለመቅደድና ለመቁረጥ እንጂ እንደ በግ ወይም እንደ ላም ለማላመጥ የተሠሩ አይደሉም፤ አንጀቷም የሣሩን ቃጫ ሊፈጭ አይችልም። ስለዚህ ሣር ለድመት ምግብ አይደለም፤ በሥጋ፣ በዓሣ ወይም በተመጣጠነ የድመት ምግብ ምትክም ሊሰጥ አይገባውም።

ብዙ ሰው ድመት ሣር የምትበላው ስትታመም ብቻ ይመስለዋል። በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የዴቪስ ካምፓስ የሚገኙ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ ያደረጉት ጥናት ይህን አያረጋግጥም። ከ1,000 በላይ ድመት አሳዳጊዎች በሰጡት መልስ መሠረት፣ ከ100 ድመቶች 71ዱ ቢያንስ ስድስት ጊዜ ቅጠላ ቅጠል ሲበሉ ታይተዋል፤ ፈጽሞ ሲበሉ ያልታዩት 11ዱ ብቻ ናቸው። ከመብላታቸው በፊት የሕመም ምልክት ያልታየባቸው ከ10 እጅ ዘጠኝ እጅ ያህሉ ሲሆኑ፣ ከበሉ በኋላ አዘውትረው የሚያስመልሱት ሩብ ያህል ናቸው። ተመራማሪዎቹ የሰጡት ግምት፣ ይህ ልማድ ከዱር አባቶቻቸው የተወረሰ ነው፤ የማይፈጨው ቃጫ አንጀትን እያነቃቃ የሆድ ትላትልን ጠርጎ ለማውጣት ሳይረዳ አይቀርም የሚል ነው።

ከዚህ የምንረዳው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ሣር ማኘክ የጤናማ ድመት ጠባይ ስለሆነ በቁጣና በቅጣት አይጠፋም። ሁለተኛ፣ ድመቷ የሆነ ነገር ማኘኳ ካልቀረ የምታኝከውን የምንመርጥላት እኛ ብንሆን ይሻላል።

2. የእህሉን ዓይነት መምረጥ

በአገራችን በየቤቱ ከሚገኙት እህሎች ውስጥ ለዚህ ሥራ የሚስማሙት የሚከተሉት ናቸው።

ሀ) ገብስ። ብርድን ስለሚችልና ቶሎ ስለሚበቅል ለደጋና ለወይና ደጋ ከተሞች ይመረጣል። ቅጠሉ ሰፋ ያለ ስለሆነ ድመት በቀላሉ ትነጨዋለች። ለጀማሪ የምንመክረው ይህንኑ ነው።

ለ) ስንዴ። ቅጠሉ ከገብስ ቀጠን ያለና ለስላሳ ነው። በንጽሕና ከተያዘ ከገብስ አያንስም።

ሐ) አጃ። ይህ ስም እንደየአካባቢው ለሁለት የተለያዩ እህሎች ይሰጣል፤ ለዚህ ሥራ ግን ሁለቱም ይሆናሉ። በገብስ ማሳ ውስጥ ራሱ የሚበቅለው ሲናርም የአጃ ዘመድ ስለሆነ ከገብሱ ጋር ተደባልቆ ቢበቅል ጉዳት የለውም።

ማሽላና ዘንጋዳ ግን ፈጽሞ አይዘሩም። የማሽላ ቡቃያ በለጋነቱ፣ በተለይም ሲታኘክና ሲቀጠቀጥ፣ ሳይናይድ የተባለውን ብርቱ መርዝ የሚያወጣ ንጥረ ነገር አለው። ለጋ ማሽላ የበላ ከብት በድንገት እንደሚሞት ማሽላ አብቃይ ገበሬዎች አጥብቀው ያውቃሉ። ከብት የሚጥል መርዝ ለድመት አይታሰብም።

እህሉ ሕይወት ያለው መሆን ይኖርበታል። ለሾርባ የተፈተገ ገብስ ሽሉ ስለሚጎዳ አብዛኛው አይበቅልም፤ ያልበቀለውም በአፈሩ ውስጥ ይሻግታል። የተቆላና የተከካ እህልም እንደዚሁ ነው። የሚፈለገው ቅርፊቱ ያልተነካ፣ ያልነቀዘና ከአንድ ዓመት ያልበለጠ ድፍን እህል ነው።

የሚያጠራጥር እህል ከሆነ አስቀድሞ መፈተን ይቻላል። 20 ፍሬ ተቆጥሮ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ በሙቅ ቦታ ይቀመጣል። በአራት ቀን ውስጥ 16 ወይም ከዚያ በላይ ከበቀለ እህሉ ጥሩ ነው። ከ12 በታች ከሆነ ሌላ መፈለግ ይሻላል።

3. የዘሩ ንጽሕና

አንባቢ ከሁሉ አብልጦ ይህን ክፍል እንዲያስተውል እናሳስባለን።

ለእርሻ የሚሸጥ ምርጥ ዘር ብዙ ጊዜ ፀረ ፈንገስ ወይም ፀረ ተባይ መድኃኒት ይቀባል። ሰው እንዳይበላውም ቀይ፣ ሐምራዊ ወይም ሌላ ቀለም ይደረግበታል። እንዲህ ያለው ዘር ለማሳ እንጂ ለድመት ሣር አይሆንም። አጥቤ እጠቀምበታለሁ ማለትም ከባድ ስሕተት ነው፤ ቀለሙ ሲለቅ መድኃኒቱም ለቀቀ ማለት አይደለምና።

ለዚህ የታወቀው ምሳሌ በኢራቅ የደረሰው አደጋ ነው። በ1964 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1971-72) ለዘር ብቻ የታሰበ፣ ሜርኩሪ ባለበት መድኃኒት የታሸና በቀለም የተለየ ስንዴና ገብስ ለገበሬዎች ተከፋፈለ። ብዙዎች እህሉን አጥበው ቀለሙ ሲለቅ መርዙም የወጣ መስሏቸው ዳቦ ጋግረው በሉት። በመንግሥት መግለጫ መሠረት 6,530 ሰዎች ሆስፒታል ገቡ፤ ከእነዚህ ውስጥ 459 ሞቱ። በዚያ ዘመን ያገለግል የነበረው የሜርኩሪ መድኃኒት ዛሬ በአብዛኛው ከአገልግሎት ወጥቷል፤ በምትኩ የሚቀቡት መድኃኒቶች ግን ይበላሉ ማለት አይደለም።

ሁለተኛው ጥንቃቄ የሚመለከተው በጎተራ የተቀመጠ እህልን ነው። ለነቀዝ መከላከያ ዱቄት የተነሰነሰበት ወይም ኪኒን የተጨመረበት እህል ለዚህ ሥራ አይውልም። ከገበያ ሲገዛ ሻጩን መጠየቅ፣ እህሉን በእጅ አሽቶ ማየትና ማሽተት ያስፈልጋል። ባዕድ ሽታ ወይም ነጭ ብናኝ ከታየበት ይተው። በእኛ አስተያየት ከሁሉ የሚሻለው ቤተሰቡ ራሱ ለእንጀራ፣ ለቆሎ ወይም ለቂንጬ ካስቀመጠው እህል ላይ መውሰድ ነው።

ሦስተኛው ለቀማ ነው። እህሉ በሰፌድ ተበጥሮ እንክርዳዱ በእጅ ይለቀማል። እንክርዳድ ለምግብ ከሚሆን እህል ጋር ተፈጭቶ ሲበላ እንደሚያሰክርና እንደሚያጥወለውል የታወቀ ነው፤ ቡቃያውም ከስንዴ ቡቃያ ጋር ስለሚመሳሰል ከበቀለ በኋላ ለይቶ መንቀል ያስቸግራል። የአስተናግር ፍሬም መርዛማ ነው፤ ጠቆር ያለና ኩላሊት መሰል ስለሆነ በለቀማ ጊዜ በቀላሉ ይለያል። ለአንድ ዕቃ የሚያስፈልገው እህል አንድ ሲኒ ብቻ ስለሆነ ለቀማው ከቡና ማፍያ ጊዜ አይበልጥም።

4. ዕቃና አፈር

ዕቃው ዝቅ ያለ፣ ሰፊና ክብደት ያለው ቢሆን ይመረጣል፤ ቀላል ዕቃ ድመቷ ስትነጭ ይገለበጣል። ጥልቀቱ ከ7 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ያለው የሸክላ ዕቃ ከሁሉ ይስማማል። ጣሳ ከሆነ ጠርዙ እንዳይቆርጥ ወደ ውስጥ ተቀጥቅጦ ይታጠፋል። ከሥሩ ሦስት ወይም አራት ቀዳዳ ያስፈልገዋል። የቀለም፣ የነዳጅ ወይም የፀረ ተባይ መድኃኒት የነበረበት ዕቃ የቱንም ያህል ቢታጠብ አያገለግልም።

አፈሩ ውሃ የሚያሳልፍ መሆን አለበት። በአዲስ አበባ ዙሪያ በብዛት የሚገኘው ጥቁር መረሬ ሲረጥብ ይጨቀያል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ብቻውን አይሆንም። ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ አሸዋና አንድ እጅ በደንብ የበሰበሰ ብስባሽ (ኮምፖስት) መደባለቅ ይበቃል። ያልበሰበሰ ፍግ አይጨመርም።

ድመቶች ከሚጸዳዱበት ቦታ አፈር መውሰድ አይገባም። በድመት ዓይነ ምድር የሚተላለፈው ቶክሶፕላዝማ የተባለው ጥገኛ ተሕዋስ በአፈር ውስጥ ለብዙ ወራት ሊቆይ ይችላል፤ በተለይ ነፍሰ ጡር ሴትን በፅንሷ ላይ ጉዳት እንዳያደርስ ያሠጋል። ከውጭ የመጣ አፈር ላይ የፈላ ውሃ በደንብ አፍስሶ፣ አቀዝቅዞና አጠንፍፎ መጠቀም ጥሩ ነው። አፈር የነካ እጅ በሳሙና ይታጠባል። በቤት ውስጥ ነፍሰ ጡር ካለች ይህን ሥራ ሌላ ሰው ይሥራው።

ማዳበሪያ አያስፈልግም። ቡቃያው በመጀመሪያዎቹ አሥር ቀናት ያህል በአብዛኛው የሚያድገው በፍሬው ውስጥ በተከማቸው ስንቅ ነው፤ ከዚያ በኋላም ብስባሹ ይበቃዋል። ዩሪያና ሌላ የፋብሪካ ማዳበሪያ ድመት በምትነጨው ዕቃ ላይ መጨመር ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም።

5. አዘራር

ርዝመቱ 20፣ ወርዱ 15 ሳንቲ ሜትር ለሆነ ዕቃ አንድ የቡና ሲኒ ገብስ ይበቃል። ሥራው በሚከተለው ቅደም ተከተል ይካሄዳል።

ሀ) እህሉ ሁለት ሦስት ጊዜ በንጹሕ ውሃ ይታጠባል፤ የተንሳፈፈው ይጣላል።

ለ) ማታ በውሃ ተዘፍዝፎ እስከ ጧት፣ ማለትም ከ8 እስከ 12 ሰዓት ያህል ይቆያል። ከዚህ በላይ ከቆየ አየር አጥቶ መሽተት ይጀምራል።

ሐ) በዕቃው ሥር ጠጠር ወይም ገል ተደርጎ አፈሩ ከ5 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ይሞላል፤ በመጠኑም ይረጥባል።

መ) እህሉ ፍሬ ከፍሬ እየተነካካ በአንድ ረድፍ ብቻ ይዘረጋል። በላይ በላዩ ከተደራረበ የታችኛው ይታፈንና ይሻግታል።

ሠ) ከግማሽ እስከ አንድ ሳንቲ ሜትር አፈር ይለብሳል። በላዩ እርጥብ ጨርቅ ተጋርዶ እንደ ብቅል በጨለማ ይቀመጣል።

ረ) በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ቡቃያው ብቅ ሲል ጨርቁ ይነሣና ዕቃው ወደ መስኮት ይወሰዳል።

ከዚህ በኋላ ከብቅል ሥራ ጋር እንለያያለን። ብቅል የሚፈለገው ሥሩ እንደወጣ ደርቆ ለጠላ እንዲሆን ነው፤ የእኛ ግን ቅጠል እንዲያወጣ ብርሃን ያሻዋል።

6. እንክብካቤ

ብርሃን። በጨለማ የቆየ ቡቃያ ይገረጣል፣ ይቀጥናል፣ ይወድቃል። በቀን ጥቂት ሰዓት ፀሐይ የሚያገኝ መስኮት ይበቃል። በጥቅምትና በጥር መካከል ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል ወደ ደቡብ የሚያይ መስኮት ይመረጣል። ቡቃያው ወደ ብርሃኑ ስለሚያጋድል ዕቃው በየቀኑ ይዞራል።

ውሃ። አፈሩ በጣት ሲነካ እርጥበቱ ካልተሰማ ውሃ ይጠጣል። ከላይ ለተጠቀሰው ዕቃ በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ ግማሽ ብርጭቆ ያህል ይበቃል። በሳሕኑ ላይ የተጠራቀመው ውሃ ይደፋል።

ሻጋታ። ብዙ ሰው በበቀለው ፍሬ ዙሪያ ነጭ ጸጉር ሲያይ ሻጋታ መስሎት ይጥለዋል፤ አንዳንዱ ደግሞ እውነተኛውን ሻጋታ ሥር መስሎት ይተወዋል። መለያው እንዲህ ነው። የሥር ጸጉር ንጹሕ ነጭ ነው፤ ሥሩን ብቻ ተከትሎ እኩል ይበቅላል፤ ውሃ ሲረጭበት ከሥሩ ጋር ተጣብቆ አይታይም፤ ሽታም የለውም። ሻጋታ ግን ግራጫ፣ አረንጓዴ ወይም ጥቁር ይሆናል፤ ከፍሬ ወደ ፍሬ እንደ ሸረሪት ድር ይዘረጋል፤ ይሸታል። የሻገተው ዕቃ አፈሩም ቡቃያውም በሙሉ ይጣላል። የሻገተውን ነቅሎ ቀሪውን ለድመቷ መስጠት አይገባም። መንሥኤው አብዛኛውን ጊዜ የውሃ መብዛት፣ የዘር መደራረብ ወይም የተሰበረ ፍሬ ነው።

7. ለድመቷ መስጠት

ሣሩ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ሲደርስ ለድመቷ ይቀርባል። ለዚህም በሙቅ ቤት ከ8 እስከ 10 ቀን፣ ብርድ በሆነ ጊዜ እስከ 14 ቀን ይወስዳል። ከዚህ በፊት ከቀረበ ሥሩ ስላልያዘ ድመቷ ከነፍሬው ትነቅለዋለች። በጣም ከዘገየም ቅጠሉ ይጠነክራል፤ የጠነከረ ቅጠል ጠርዙ ሻካራ ስለሆነ በጉሮሮና በአፍንጫ መካከል ሊሰነቀር ይችላል። ጢም ያለው ዛላ እስኪያወጣም መጠበቅ አይገባም።

ዕቃው ድመቷ ከምትጸዳዳበት አሸዋ ርቆ ይቀመጣል። አፈሩን ለመጸዳጃ ከፈለገችው፣ በቡቃያው መካከል ትንንሽ ጠጠሮች ይደረደራሉ።

የሣር ማደጊያው በአፈር አጠገብ፣ ከታች ስለሆነ ቅጠሉ ቢነጭም እንደገና ያድጋል። ከ15 ሳንቲ ሜትር ያለፈው በመቀስ ወደ 5 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይደረጋል። ገብስ በዚህ መንገድ አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ካቆጠቆጠ በኋላ ይደክማል። ስለዚህ ሁለት ዕቃ ማዘጋጀትን እንመክራለን፤ የመጀመሪያው ለድመቷ በሚቀርብበት ዕለት ሁለተኛው ይዘራል። በዚህ ዓይነት ቤቱ ያለ ለጋ ሣር አይውልም።

በዓል ሲቃረብ የተለየ ዝግጅት ያስፈልጋል። ቄጠማ በሚጎዘጎዝበት ቀን ድመት ለማኘክ መጣደፏ የታወቀ ነው። ቄጠማ ረግረግ ቦታ የሚበቅል ስለሆነ፣ በከተማ ዙሪያ ከተበከለ ወንዝ ዳር የታጨደ ሊሆን ይችላል፤ ማን ምን እንደደፋበት አይታወቅም። ጉዝጓዙን መተው ባይቻልም ድመቷ ቀድማ የጠገበችበት ሣር ቢኖራት ፍላጎቷ ይቀንሳል። ለእንቁጣጣሽ ነሐሴ 22፣ ለገና ታኅሣሥ 15 ቢዘራ ለዕለቱ ይደርሳል። ለፋሲካም ከሁለት ሳምንት በፊት ይዘራል። ቄጠማውም በዓሉ እንዳለፈ ሳይጠወልግ ይጠረጋል።

8. ከድመት መራቅ ያለባቸው ዕፀዋት

የቤት ሣር መኖሩ መርዛማ ተክልን በቤት ለማስቀመጥ ምክንያት አይሆንም። ከሁሉ የሚያሠጋው ለእቅፍ አበባ የሚሸጠው ሊሊ ነው። ቅጠሉ፣ አበባው፣ በጸጉሯ ላይ የወደቀው የአበባ ብናኝ፣ የተቀመጠበት ውሃ እንኳ የድመትን ኩላሊት ያጠፋል። ድመት ያለበት ቤት ሊሊ መግባት የለበትም። እንደዚሁም በግቢና በመንገድ ዳር ለጌጥ የሚተከለው ኦሊያንደር ልብን የሚያቆም መርዝ አለው። ዲፈንባኪያ የተባለው ሰፊ ቅጠል የቤት ተክል አፍና ጉሮሮ ያቃጥላል። እሬትም ያስቀምጣል፤ ያስመልሳልም። ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፣ ጥሬም ሆኑ የበሰሉ፣ የድመትን ደም ያበላሻሉ።

9. ሐኪም የሚያስፈልግበት ጊዜ

ሣር የበላች ድመት አልፎ አልፎ አንድ ጊዜ ብታስመልስና ወዲያው ወደ ጨዋታዋ ብትመለስ አያሳስብም። በበላች ቁጥር የምታስመልስ ከሆነ ግን ዕቃው ይነሣና በቀን ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ይቀርብላት። ከዚህ በታች የተዘረዘሩት ሲታዩ ግን ሳይዘገይ ወደ እንስሳት ሐኪም መውሰድ ይገባል።

ሀ) ደጋግማ ስታስመልስ ወይም በትውከቷ ደም ሲታይ፤
ለ) ምግብ ሳትቀምስ አንድ ቀን ሲያልፍ፤
ሐ) ሣር ከበላች በኋላ በድንገት ያለማቋረጥ ስታስነጥስ፣ ስትታነቅ ወይም አፍንጫዋን በእግሯ ስታሽ፤
መ) ሊሊ እንደነካች ሲጠረጠር፣ ምልክት ባይታይባትም፤
ሠ) የአይጥ መርዝ ወይም በመርዝ የሞተ አይጥ እንደበላች ሲጠረጠር።

ሣር መርዝ አያወጣም። በልማድ እንደሚደረገው ወተት ማጠጣትም መርዙን አያረክሰውም፤ ጨው ወይም ዘይት አጠጥቶ ማስመለስ ደግሞ ተጨማሪ ጉዳት ያመጣል። በዚህ ጊዜ የሚጠቅመው ድመቷ የበላችውን ነገር ወይም የመርዙን መያዣ ይዞ በፍጥነት ሐኪም ዘንድ መድረስ ነው።

ማጠቃለያ

አንድ ሲኒ የተለቀመ ገብስ፣ አንድ የሸክላ ዕቃ፣ ጥቂት አፈርና አንድ መስኮት ካለ በሁለት ሳምንት ውስጥ ለድመት የሚሆን ሣር ይገኛል። የሚከተሉት አምስት ነጥቦች አይዘንጉ፤ ቀለም የተቀባ ወይም መድኃኒት የነካው ዘር አይዘራ፤ ማሽላ አይዘራ፤ ዘር አይደራረብ፤ የሻገተ አይሰጥ፤ ያረጀና የጠነከረ ሣር አይቅረብ። እነዚህ ከተጠበቁ ተዘግታ የምትውለው ድመት የምታኝከው ነገር ለጉዳት ሳይሆን ለጤንነቷ የሚስማማ ይሆናል።